ከልጆች ጋር ወደ ሐይቅ ዳር መዝናኛ ሆቴል፦ ጥቅሙና ጉዳቱ

(በአምበር፣ በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአጥኚ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ጉባኤ የተሰጠንን ሥራ ጨርሰን ቀርበናል። ጥያቄው የሚከተለው ነበር። ስንቆጥብ፣ ስንበደርና ስንመልስ ዓመታት አልፈዋል። በዓመት አንዴ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን፣ ከልጆቻችን ጋር ባሕር ዳር ወርደን በጣና ዳር መዝናኛ ሆቴል ብናርፍ ይጠቅመናል ወይስ ይጎዳናል? ሐሳቡ ሲነሣ ያጨበጨቡ ነበሩ፣ የሳቁም ነበሩ፣ «የተቸገረ እያለ እንዴት ይህን እናወራለን» ብለው ቅር ያላቸውም ነበሩ። ጉባኤው አምስት ሴቶችን መርጦ «መርምራችሁ ኑ» አለን። እኛም ሄደው ያዩትን ጠየቅን፣ ባሕር ዳር ለሚኖሩ ልጆቻችንና ዘመዶቻችን ደወልን፣ የጤና ባለሙያ አማከርን፣ ሒሳብም ሠራን።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስቀድም። ከለጋሾቻችን የተገኘ ገንዘብ ለተመደበለት ሥራ ብቻ የሚውል ነው። ለዚህ ጉዞ ከዚያ ገንዘብ አንድ ብር አይነካም። የምንነጋገረው እያንዳንዷ አባል ከራሷ ኪስ ለይታ ስለምታስቀምጠው ገንዘብ ብቻ ነው።

ስለ ዕረፍት ለምን እንነጋገራለን?

በሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይባላል። በዚህ አዋጅ መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ተቀጣሪ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ከነደሞዙ ያገኛል። የወለደች ሠራተኛም በድምሩ 120 የሥራ ቀን የወሊድ ፈቃድ አላት። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ይህ ፈቃድ የሚመለከታት ስንቷ ናት? እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው፣ ባልትና የምታዘጋጀው፣ ጠላ የምትጠምቀው፣ ማሳ ላይ አረም የምታርመው፣ ከብት የምታልበው፣ የማንም ተቀጣሪ ስላልሆነች ፈቃድ የሚሰጣት የለም። ራሷ ለራሷ ካልሰጠች ማንም አይሰጣትም።

እናቶቻችን ዕረፍት አያውቁም ነበር ማለታችን አይደለም። ንግሥ ይሄዱ ነበር፣ ጠበል ይወርዱ ነበር፣ ማኅበር ይጠጡ ነበር። እነዚህ ዛሬም የኛ ናቸው፣ የሚተካቸውም የለም። ሆኖም እውነቱን እንነጋገር። ንግሥ ሲመጣ ለእንግዳ ድግስ የምትደግሰው ማን ናት? ማኅበሩ ተራ ሲደርስ ጌሾ የምትወቅጠው፣ ዳቦ የምትደፋው ማን ናት? ለሰርግና ለለቅሶ ከቤታችን ብንወጣም ከሥራ ግን አንወጣም፣ ከራሳችን ምድጃ ወደ ሌላ ሰው ምድጃ ነው የምንሸጋገረው። ሴት እጇን አጣምራ የምትቀመጥበትና ነውር የማይባልበት ቦታ ብዙ የለንም። ሐሳቡ ከአባላት የመጣው ከዚህ የተነሣ ነው፣ ቅንጦት ፍለጋ ብቻ አይደለም።

የመዝናኛ ሆቴል ሐሳብ ከየት መጣ?

ዛሬ ፈረንጆች «ለቤተሰብ የሚመች» የሚሉት ዓይነት ሆቴል በሜዲትራንያን ባሕር ዳርና ደሴቶች ላይ የተስፋፋ ነው። ክለብ ሜዲትራኔ የተባለው ድርጅት በ1950 እ.ኤ.አ. ማዮርካ በምትባል የስፔን ደሴት የመጀመሪያውን የዕረፍት መንደር በድንኳን ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። እንግዳው አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ መኝታው፣ ምግቡና ጨዋታው ሁሉ በዚያ ክፍያ ውስጥ ነው። ቆይቶም ወላጆች እንዲያርፉ ልጆችን የሚያጫውቱና የሚጠብቁ ሠራተኞች ያሉበት የልጆች ክበብ መጣ። ዛሬ ሮድስን፣ ቀርጤስንና ኮርፉን በመሳሰሉ የግሪክ ደሴቶች ከዚህ ዓይነቱ ሆቴል ብዙ አለ።

ከአባሎቻችን አንዷ እንዲህ ያለውን ሆቴል በዓይኗ አይታዋለች። ቤሩት በቤት ሠራተኝነት ስትኖር አሠሪዎቿ ለበጋ ዕረፍት ወደ አንድ የግሪክ ደሴት ሲሄዱ ልጆቻቸውን እንድትይዝ ይዘዋት ሄደው ነበር። ኮሚቴው ፊት ቀርባ ያየችውን ነገረችን። ለሕፃናት ከጉልበት የማያልፍ ለብቻው የታጠረ መዋኛ ነበር። ራት ለልጆች ቀደም ብሎ ይቀርብ ነበር። ከመኝታው እስከ ባሕሩ ድረስ ደረጃ ስለሌለ የሕፃን ጋሪ ያለችግር ይገፋ ነበር። እናቶች ጥላ ሥር ጋደም ብለው መጽሐፍ ያነቡ ነበር። «እኔ ግን» አለችን፣ «ከጧት እስከ ማታ ልብሴ አይደርቅም ነበር። ማታ ልጆቹ ክፍል ውስጥ በታጣፊ አልጋ እተኛለሁ፤ ሌሊት የሚያለቅሰውን የማባብል እኔ ነኝ።» «ታዲያ ደሴቱን እንዴት አየሽው?» ብለን ብንጠይቃት፣ «ደሴቱን መች አየሁት? ልጁን ነው ሳይ የከረምኩት» አለች።

ይህች እህታችን ሆቴሉ መጥፎ ነው አላለችም። እንዲያውም ከሁሉ በላይ ሐሳቡን የደገፈችው እሷ ናት። እኛ ግን ከሷ አነጋገር አንድ መመዘኛ አገኘን። አንዲት እናት የምታርፈው ሌላ ሰው ሥራዋን ሲይዝላት ነው። ስለዚህ አንድን ሆቴል ለቤተሰብ ይመቻል አይመችም ለማለት መዋኛውንና ዥዋዥዌውን ማየት ብቻ አይበቃም። ሥራውን ማን ያዘ? የያዘውስ ተከፍሎታል ወይ? ለሱስ የዕረፍት ተራ ይደርሰዋል ወይ? ከዚህ በታች የምናቀርበውን ሁሉ በዚህ መመዘኛ አይተነዋል።

የጣና ጥቅሙ

ባሕር ስለሌለን ደሴት የለንም ማለት አይደለም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ደሴቶችና ገዳማት የሞሉበት ሐይቅ ነው። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ባሕር ዳር ላይ በሐይቁ ዳር ከኩሪፍቱ ሪዞርት ጀምሮ እስከ አነስተኛ ሆቴሎች ድረስ የተለያየ ማረፊያ አለ። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በቡሬ መንገድ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ አስፋልቱ ይወስደናል።

የመጀመሪያው ጥቅም ለእናት ነው። በመዝናኛ ሆቴል ውሃ አትቀዳም፣ እሳት አታነድም፣ አልጋ አታነጥፍም፣ ሰሃን አታጥብም። ሁለት ቀን እንኳ ቢሆን፣ የተዘጋጀ ማዕድ ላይ ከልጆቿ ጋር እኩል ትቀመጣለች። ብዙዎቻችን ቤታችን ውስጥ ከሁሉ በኋላ፣ ያውም ቆመን የምንበላ ነን።

ሁለተኛው ጥቅም ለልጅ ነው። አንዳንድ ልጆቻችን ከደብረ ማርቆስ አልፈው አያውቁም። የዓባይን ስም በትምህርት ቤት ይሰማሉ፤ ከጣና ሲወጣ ግን አላዩትም። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፈውን ዓሣ አጥማጅ፣ ጉማሬውን፣ የሐይቁን ወፎች ቢያዩ ከመጽሐፍ የማያገኙት ትምህርት ነው። ከዚህ ሌላ ደግሞ እናታቸውን ሥራ ፈታ፣ ስትስቅና ስትጫወት ማየት ለነሱም አዲስ ነው።

ሦስተኛው ጥቅም ለማኅበራችን ነው። በስብሰባ የምንገናኘው ስለ ብድር፣ ስለ ቅጣትና ስለ መዋጮ ለመነጋገር ነው። ሁለት ቀን አብሮ ያደረ ሰው ዓመት ሙሉ ያልተናገረውን ያወራል። በመንገድ ላይም እንጅባራ አጠገብ የዘንገና ሐይቅ ስላለ እግረ መንገዳችንን ቁርስ ልንበላበት እንችላለን።

ጉዳቱና ሥጋቱ

አንደኛ፣ ገንዘቡ። ሆቴል የሚነግረን ዋጋና መጨረሻ ላይ የሚያስከፍለን ዋጋ አንድ ላይሆን ይችላል። በብዙ ሆቴሎች በዋጋው ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ከዚያም 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል። 1,000 ብር የተባለው ነገር አገልግሎቱ ሲጨመር 1,100፣ በዚያ ላይ ቫቱ ሲሰላ 1,265 ብር ይሆናል። አራት ነፍስ ይዛ የሄደች እናት ይህን ሳታውቅ ብታዝ መውጫው ላይ ትደነግጣለች። ከዚህም ሌላ ብዙ መዝናኛ ሆቴሎች ከውጭ ምግብ ማስገባት አይፈቅዱም። በሶውና ዳቦ ቆሎው ለመንገድ እንጂ ለሆቴሉ ላይሠራ ይችላል። በወር 100 ብር ብናስቀምጥ በዓመት 1,200 ብር ነው። ይህ ከላይ ባልነው ስሌት አንድ ሌሊት እንኳ አያሳድር ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ውሃው። የግሪክ ደሴት ባሕር ጨው ነው፤ ጣና ግን ጨው አልባ ውሃ ነው። ጨው በሌለው ውሃ ዳር፣ ሣርና ቀንድ አውጣ ባለበት፣ የቢልሃርዚያ በሽታ ይኖራል። ትሉ በዓይን አይታይም፤ ውሃው ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። በጣና ዙሪያ ይህ በሽታ እንዳለ በጥናት የተረጋገጠ ነው። መድኃኒት አለው፣ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ ነገር ግን ሳይታወቅ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ጉበትን ይጎዳል። ስለዚህ ልጆች ሐይቁን በዓይን ይዩት እንጂ እግራቸውን አይንከሩበት። ውሃ መጫወት የሚፈልጉ ከሆነ በኬሚካል የታከመ የሆቴል መዋኛ ይሻላል።

መዋኛውም ቢሆን የራሱ አደጋ አለው። የደጋ ልጆች ዋና አያውቁም። ውሃ የሚበላው ልጅ እንደ ፊልሙ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሰጥመው፣ ደቂቃም አይፈጅም። ስለዚህ ትንንሽ ልጆች ውሃ ውስጥ ሲሆኑ አንድ ትልቅ ሰው እጁ በሚደርስበት ርቀት መቆም አለበት። ስልክ እያየ ሳይሆን ልጁን እያየ። መዋኛው አጥር አለው ወይ? ዋና የሚያውቅ ጠባቂ ቆሞ ይውላል ወይ? የልጆቹ ከትልልቆቹ ተለይቷል ወይ? ይህ ሁሉ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት የሚጠየቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ወባ። በሀገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ባሕር ዳር ወባ አለ። እኛ ከዚያ ከፍ ያለ ደጋ ላይ ስለምንኖር ልጆቻችን በሽታውን የለመደ ሰውነት የላቸውም። ወባ ደጋ ድረስ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ታሪክ ያውቀዋል። በ1958 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተነሣው ወረርሽኝ ከ100,000 በላይ ሰው እንደገደለ ይገመታል። ስለዚህ አልጋው አጎበር አለው ወይ ብለን እንጠይቅ፤ ከሌለው ይዘን እንሂድ። ሲመሽ ልጆች እጅጌ ረጅም ልብስ ይልበሱ። ከተመለስን በኋላ ደግሞ አንድ ወር ሙሉ እንጠንቀቅ። በዚህ ጊዜ ልጅ ካተኮሰው ጉንፋን ነው ብለን ሳናሳድር ጤና ጣቢያ እንውሰደው፤ «ባሕር ዳር ሄዶ ነበር» ማለትንም አንርሳ። ነፍሰ ጡር እህቶቻችን ከመወሰናቸው በፊት የጤና ባለሙያ ያማክሩ።

አራተኛ፣ ገዳማቱ። ለቤተሰብ ጉዞ ብለን ስንነሣ ሁሉም ደሴት ለሁላችንም ክፍት እንዳልሆነ እንወቅ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ በጥንት ሥርዓታቸው ሴት አይገባባቸውም። ሥርዓቱን እናከብራለን። ነገር ግን ከጀልባ ባለቤት ጋር ሳንነጋገር ከሄድን ወንዶቹ ገብተው እኛ ከነልጆቻችን ዳር ላይ ፀሐይ ስንሞቅ እንውላለን። ሴቶች የሚገቡባቸውም አሉ። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ አንዱ ነው፤ በዘጌ ያለው፣ ግድግዳው በሥዕል የተሞላው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሌላው ነው። ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት ደግሞ ሴት ናቸው፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን። ናርጋ ግን ወደ ደቅ ስለሆነች በጀልባ ረጅም መንገድ ነው፤ ሕፃን ለያዘች አንመክርም። ቤተ ክርስቲያን ስለመግባት ሁላችንም የምናውቀው ሥርዓት ስላለ፣ በዚያን ቀን የማትገባ እህት ብቻዋን እንዳትቀር ከወዲሁ አብሯት የሚውል ይመደብ። ጀልባ የምንሳፈረው በጧት ይሁን፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሞገድ ያነሣል። ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ አንሳፈርም።

አምስተኛ፣ ክብራችን። ይህን አንዳንድ አባላት በስብሰባ መናገር ያፈሩት፣ ለኮሚቴው ግን ለብቻ የነገሩት ነው። «ነጠላ ለብሼ ስገባ በሩ ላይ ቢያቆሙኝስ? ምን ልዘዝ? ማንኪያውንስ እንዴት ልያዝ?» የሚል ነው። ይህ ሥጋት ቀላል አይደለም። ለመዝናናት ሄዶ ተሸማቆ መመለስ አለ። መልሳችን እንዲህ ነው። የከፈለ ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ በነጠላውም በቀሚሱም ይከበራል። ነገር ግን ቀድመን እንደውል፤ ማኅበር እንደሆንን፣ ከገጠርና ከትንሽ ከተማ እንደምንመጣ፣ የሚጾሙ እንዳሉን፣ ልጆች ስንት እንደሆኑ እንናገር። በስልክ አክብሮ ያላናገረን ሆቴል በአካልም አያከብረንም፤ ሌላ እንፈልጋለን። መዋኛ መግባት የማትፈልግ አትገባም፤ በባህላችን ያልለመድነውን ልብስ መልበስ ግዴታ የለብንም።

ስድስተኛ፣ ቤቱና ከብቱ። ሁላችንም አንድ ላይ ብንሄድ ላሟን ማን ያልባል? አልጋ ላይ ላሉ አዛውንት ማን ይደርሳል? ይህን በሁለት ዙር እንፍታው ብለናል። ግማሾቻችን ስንሄድ ግማሾቻችን ቤት እንጠብቃለን፤ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ እንለዋወጣለን።

ሰባተኛውና ትልቁ፣ ሥራው ነው። ሆቴሉ ምግቡንና አልጋውን ይይዛል፤ ልጁን ግን አይይዝም። እኛ የጠየቅናቸው ሰዎች ካረፉባቸው ማረፊያዎች በአንዱም ልጆችን የሚጠብቅ ሠራተኛ አላገኙም። ታዲያ እናትየዋ ሕፃኑን አዝላ መዋኛ ዳር ስትዞር ከዋለች ቤቷ ከመዋል በምን ይለያል? ወይም ደግሞ ሥራው በትልቋ ሴት ልጅና በአያቲቱ ላይ ይወድቃል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ወንድሞቿን ስትጠብቅ ከዋለች፣ እሷም እንደዚያች እህታችን ጣናን ሳታይ ትመለሳለች።

የኮሚቴው ሐሳብ

ሁሉንም አመዛዝነን፣ ጉዞው ቢደረግ ይጠቅማል የሚል ሐሳብ ላይ ደርሰናል፤ ነገር ግን የሚከተሉትን መንገዶችና ግዴታዎች ይዘን ነው።

መኝታን በተመለከተ፣ በመዝናኛ ሆቴል ማደር ግዴታ አይደለም። ንጹሕና መጠነኛ ማረፊያ ይዘን ማደር እንችላለን። ከዚያ አንዱን ቀን ሙሉ በመዝናኛ ሆቴል መዋል፣ ምሳም እዚያው መብላት ይቻላል። ለሚውሉ እንግዶች በቀን የሚያስከፍሉ ሆቴሎች ስላሉ ወጪው በጣም ይቀንሳል። ሌላውን ጧት ለዘጌና ለእንጦስ እናደርገዋለን። ዋጋውን ቫትና አገልግሎት ጨምሮ በጽሑፍ እንቀበላለን።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ለጉዞ ብድር አይሰጥም። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዲሉ፣ ለዕረፍት ተበድሮ ዓመት ሙሉ መጨነቅ ዕረፍት አይደለም። የሚፈልጉ ብቻ ለብቻው በተከፈተ ደብተር ያስቀምጣሉ። አንድ ዓመት ባይበቃ ሁለት ዓመት ይጠበቃል። የጤና መድኅኗን ያላደሰች፣ የልጇን የትምህርት ቤት ወጪ ያልሸፈነች መጀመሪያ እሱን ትጨርስ። አቅም የሌላት አባል በጉዞው ባለመሳተፏ አንድም ቃል አይነገራትም። ለመሄድ የማይችሉትም ዕረፍት እንዲያገኙ፣ እዚሁ ቀረብ ያለ ቦታ አንድ ቀን ወጥተን የምንውልበት ፕሮግራም ይኑረን።

ጊዜን በተመለከተ፣ የጥር መጨረሻን መርጠናል። አዝመራው ገብቷል፣ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ይዘጋል፣ ወባ ከሚበዛበት ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ አልፏል፣ ዐቢይ ጾምም አልገባም። ጉድለቱ፣ በዚያ ወቅት የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ውሃው የሳሳ ነው። ፏፏቴውን በሙላቱ ማየት የሚፈልግ በክረምቱ መጨረሻ መሄድ አለበት፤ ያ ደግሞ ለኛ የአረምና የወባ ጊዜ ነው። ፏፏቴው ይቅርብን ብለናል። ከሁሉ በፊት ግን የመንገዱ ሰላም ይጠየቃል። መንገዱ የማያስተማምን ከሆነ ደብተሩ ተዘግቶ ገንዘቡ ይቀመጣል፤ ጣና የትም አይሄድም።

ሥራን በተመለከተ፣ ማኅበራችን ከሁሉ የሚያውቀውን ነገር እንጠቀም፤ እሱም ተራ ነው። ዕቁብ በተራ ይወጣል፣ ጽዋ በተራ ይደርሳል። የዕረፍት ተራም እናውጣ። የሚሄዱት ሴቶች በአራት ቡድን ይከፈሉ። ቀኑ በአራት ይከፈል። በየተራው አንዱ ቡድን የሁሉንም ልጆች ይጠብቅ፤ ሦስቱ ያርፉ። ባሎቻችን ከመጡ፣ ደግሞም ይምጡ፣ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ አባት ይምጡና ተራ ይግቡ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ተራ አይገባም። ሴት ልጆቻችን እዚያ ልጆች ሆነው ይዋሉ። አያቶችም ተራ አይገቡም፤ የነሱ ተራ አልፏል። ተራው ከመነሣታችን በፊት በወረቀት ይጻፍ። «ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይሆን፣ ሆቴሉ በር ላይ ደርሰን የምንነጋገረው አይደለም።

ስለሚያገለግሉን ሰዎችም አንድ ቃል እንጨምር። በሆቴሉ አልጋ የምታነጥፈው፣ ሰሃን የምታጥበው ልጅ የኛው ልጅ ናት። ምናልባትም ከአምበር ወይም ከሉማሜ፣ ከደጀን ወይም ከቢቸና የሄደች ትሆናለች። የምናርፈው እሷ ስለምትሠራ ነው። የሷ ሥራ ግን ደሞዝ አለው፣ ሰዓት አለው፣ ቅድም ያልነው የአዋጁ 16 ቀንም ለሷ ይገባታል። ክፍላችንን አስተካክለን እንውጣ፣ በስሟ እንጥራት፣ እናመስግናት። ከቻልን ጉርሻ እንስጣት። የሷን ድካም የምናውቅ እኛ ካልሆንን ማን ያውቀዋል?

ክቡራት አባላት፣

የኮሚቴው ሪፖርት ይህ ነው። ሦስት ነገሮች ለድምፅ ቀርበዋል። የጉዞ ቁጠባ ደብተር ይከፈት ወይስ አይከፈት? ጉዞው በሁለት ዙር ይሁን? የዕረፍት ተራው የጉዞው ግዴታ ሆኖ ይጽደቅ? ሁለተኛው ላይ ልታሻሽሉ ትችላላችሁ። ሦስተኛው ላይ ግን ኮሚቴው አጥብቆ ይለምናችኋል። ተራው ካልጸደቀ ጉዞው ራሱ ቢቀር ይሻላል እንላለን፤ ምክንያቱም የቤታችንን ሥራ ተሸክመን 265 ኪሎ ሜትር መሄድ አያስፈልገንም፣ እዚሁ አለልን።

ያልተስማማችሁበትን፣ የረሳነውንም ንገሩን።